ስቴም ሴል ሉፐስን ይፈውሳል? ጥያቄው ከሞያሌ ሲነሣ

ሞያሌ ከሁለት ዋና ከተሞች በእኩል የራቀች ከተማ ናት። ወደ ሰሜን አዲስ አበባ፣ ወደ ደቡብ ናይሮቢ፣ እያንዳንዳቸው ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። የከተማዋ አንዱ ወገን በኢትዮጵያ፣ ሌላው ወገን ደግሞ በኬንያ ማርሳቢት ካውንቲ ሥር ይተዳደራል። እአአ በታኅሣሥ 2020 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ እና በወቅቱ የኬንያ ፕሬዝዳንት የነበሩት ኡሁሩ ኬንያታ የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያውን መርቀው ከፍተዋል። ቀድሞ አቧራውና ጭቃው አሽከርካሪዎችን ያሰለች የነበረው ከኢሲዮሎ ወደ ሞያሌ የሚወስደው መንገድም አስፋልት ለብሷል። ሸቀጥ ከወትሮው በተሻለ ፍጥነት ያልፋል።

በሽታ ግን በዚህ መንገድ ላይ እንደ ሸቀጥ አይፈጥንም። በተለይ ስሙን ለማወቅ ልዩ ባለሙያ የሚያስፈልገው በሽታ።

በዚህች ከተማ የምትኖር አንዲት የ24 ዓመት ወጣት እናስብ። ጨርቃ ጨርቅ እየገዛች ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው በማሻገር ትተዳደራለች። መጀመሪያ ድካም ይሰማታል። ጠዋት ስትነሣ የእጇ ጣቶች አብጠው አልታጠፍ ይሏታል። ፀሐይ ላይ በዋለች ቁጥር ጉንጮቿና የአፍንጫዋ ድልድይ ይጠቁራሉ፣ ይሻክራሉ። ቤተሰቦቿ “ምች መታት” ብለው ዳማከሴ አሽተው ይቀቧታል። ትኩሳቱ ሲደጋገም የወባ፣ ቀጥሎም የታይፎይድ መድኃኒት ትወስዳለች። መገጣጠሚያዋን ሲቆረጥማት ከመድኃኒት ቤት የተገዛ እንክብል ለጥቂት ሳምንታት ያስታግስላታል፤ ሲያልቅ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል። ከብዙ ወራት በኋላ እግሯ ማበጥ፣ ሽንቷም አረፋ ማብዛት ይጀምራል። በመጨረሻ ሩቅ ተጉዛ የበሽታዋን ስም ትሰማለች፦ ሉፐስ።

ይህች ወጣት በምናብ የተሳለች ናት። የሄደችበት መንገድ ግን በምሥራቅ አፍሪካ ሉፐስን የሚያክሙ ሐኪሞች ሁሉ የሚያውቁት ነው። በዚያው ምሽት የእጅ ስልኳን ከፍታ የበሽታውን ስም ብትፈልግ፣ ከሚቀርቡላት የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ በውጭ አገር የሚገኝ ክሊኒክ ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። “በስቴም ሴል ከሉፐስ ይፈወሱ” የሚል።

ቃሉ እውነት ነው? መልሱ አዎ ወይም አይደለም ተብሎ የሚዘጋ አይደለም። ልዩነቱን አለማወቅ ግን የቤተሰብን ጥሪት፣ ከዚያም የከፋው የኩላሊትን ዕድሜ ሊያስከፍል ይችላል።

ሰውነት ራሱን ሲወጋ

ሉፐስ በላቲን ተኩላ ማለት ነው። ስያሜው በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የፊት ቁስሉን ከተኩላ ንክሻ ጋር ያመሳሰሉ ሐኪሞች ያወጡት ነው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሰውነትን ከተሕዋስያን ሊጠብቅ የተሠራው የመከላከያ ሥርዓት ወዳጅና ጠላትን መለየት ተስኖት የገዛ አካሉን ሲወጋ የሚመጣ ሕመም ነው። ቆዳን፣ መገጣጠሚያን፣ ደምን፣ ሳንባን፣ ልብን፣ አንጎልን ሊያጠቃ ይችላል። ከሁሉም በላይ የሚፈራው ኩላሊትን ሲነካ ነው።

ከአሥር ሕሙማን ዘጠኙ ሴቶች ናቸው። አብዛኞቹም ሕመሙ የሚጀምራቸው በወሊድ ዕድሜ ላይ ሳሉ ነው። የፀሐይ ጨረር በሽታውን ይቀሰቅሳል፤ ስለዚህም “ምች” የሚለው ባህላዊ ግንዛቤ ፀሐይንና ሕመምን ማገናኘቱ ፈጽሞ መሠረት የለሽ አይደለም። ችግሩ ስያሜው ፍለጋውን እዚያው ማስቆሙ ነው። በሕክምና መጻሕፍት የቢራቢሮ ክንፍ የሚመስል ቀይ ሽፍታ ተብሎ የሚገለጸው ምልክትም በጥቁር ቆዳ ላይ ብዙ ጊዜ ቀይ ሆኖ አይታይም፤ መጥቆር ወይም መወየብ ይመስላል። በነጭ ቆዳ ፎቶግራፍ የተማረ ዐይን ሊያልፈው ይችላል።

ለረጅም ጊዜ ሉፐስ በአፍሪካ ብርቅ ነው ይባል ነበር። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የተካሄደ የሕሙማን ምዝገባ ግን ከ537 ጥቁር ሴቶች አንዷ በሽታው እንዳለባት አሳይቷል፤ ይህም ከነጭ ሴቶች እጅግ የላቀ ቁጥር ነው። ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች በአፍሪካ ብርቅ የነበረው በሽታው ሳይሆን ምርመራው እንደሆነ ያምናሉ። ያልተፈለገ በሽታ አይገኝም።

አንድ ስም፣ ብዙ ሕክምና

ስቴም ሴል፣ በአማርኛ ግንደ ሕዋስ፣ ገና የተለየ ሥራ ያልተመደበለት፣ ራሱን እያባዛ ወደ ሌሎች የሕዋስ ዓይነቶች ሊለወጥ የሚችል ሕዋስ ነው። በአጥንት መቅኔ ውስጥ ያለው ግንደ ሕዋስ የደም ሕዋሳትን ሁሉ ያመርታል። በእትብት፣ በስብና በሌሎች የሰውነት ክፍሎች ውስጥ የሚገኘው ደግሞ ሌላ ጠባይና ሌላ ሥራ አለው።

ማስታወቂያዎቹ ይህን ልዩነት አይናገሩም። “ስቴም ሴል” የሚለው አንድ ቃል ቢያንስ ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሕክምናዎችን ይሸፍናል፤ በቅርቡ ደግሞ ግንደ ሕዋስ ያልሆነ ሦስተኛ ሕክምናም በስሙ መጠራት ጀምሯል። አንዱ ያስገኘው ውጤት ለሌላው መሸጫ ይሆናል። ስለዚህ አንድ በአንድ ማየት ይገባል።

የመጀመሪያው፦ መቅኔን እንደ አዲስ ማስጀመር

የመጀመሪያው ሕክምና ለደም ካንሰር ከሚደረገው የመቅኔ ንቅለ ተከላ የተወረሰ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በጣሊያኗ ጄኖዋ ከተማ በፕሮፌሰር አልቤርቶ ማርሞንት የተመራ ቡድን ለሉፐስ ሕመምተኛ ከሞከሩት ቀዳሚዎች አንዱ ነበር። አካሄዱ ይህን ይመስላል፦ የሕመምተኛዋ የራሷ ግንደ ሕዋሳት ከደሟ ተሰብስበው ይቀዘቅዛሉ። ከዚያ በከፍተኛ መጠን በሚሰጥ ኬሞቴራፒ ራሱን የሚወጋው የመከላከያ ሥርዓት ይደመሰሳል። በመጨረሻም የተቀመጡት ሕዋሳት ተመልሰው ይሰጣሉ፤ መቅኔውም አዲስ መከላከያ መገንባት ይጀምራል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነጥብ አለ። በዚህ ሕክምና በሽታውን የሚመታው ግንደ ሕዋሱ ሳይሆን ኬሞቴራፒው ነው። ግንደ ሕዋሱ ሕመምተኛዋን ከኬሞቴራፒው ጉዳት የሚያወጣ መሰላል ነው። ስለዚህ “መርፌ ተወግቶ መሄድ” የሚባል ነገር የለም፤ ለሳምንታት መከላከያ አልባ ሆኖ በተለየ ክፍል መተኛት አለ።

እአአ በ2006 በቺካጎ የሚገኘው የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሌላ መድኃኒት ያልመለሳቸው 50 የሉፐስ ሕሙማንን ውጤት ይፋ አድርጓል። በአምስት ዓመት ስሌት በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው 84 በመቶ፣ ከበሽታው ነጻ ሆነው የመቆየት ዕድላቸው ደግሞ 50 በመቶ ነበር። ከሕክምናው ጋር በተያያዘ ከ50ዎቹ አንድ ሰው ሞቷል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ከአውሮፓ የተሰበሰበ የ53 ሕሙማን መረጃ ግን ከሕክምናው ጋር የተያያዘው ሞት 12 በመቶ እንደነበር አመልክቷል።

ሁለቱ አኃዞች አብረው ሲነበቡ ትርጉማቸው ግልጽ ነው። ሕክምናው እውነተኛ ነው፤ ሞት ደጃቸው ለደረሰ ሰዎች ዕድሜ ሰጥቷል። ሆኖም ልምድ ባካበተ ማዕከልም ሆኖ ግማሽ ያህሉን ከበሽታው ነጻ ማድረግ አልቻለም፤ ሕክምናው ራሱም ሊገድል ይችላል። ለወጣት ሴት ደግሞ የመውለድ አቅምን የመንሣት አደጋ አለው። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያ ምርጫ ሆኖ አያውቅም።

ሁለተኛው፦ ከእትብት የሚወሰደው ሕዋስ

ማስታወቂያዎቹ አብዝተው የሚያቀርቡት ሁለተኛውን ነው። ከእትብት፣ ከስብ ወይም ከመቅኔ ተወስዶ በቤተ ሙከራ የሚባዛው፣ ሜሰንካይማል የሚባለው ሕዋስ በደም ሥር ይሰጣል። ኬሞቴራፒ የግድ አያስፈልገውም። ሐሳቡ ሕዋሱ በሚለቃቸው ኬሚካላዊ መልእክቶች የተቆጣውን የመከላከያ ሥርዓት ያበርዳል የሚል ነው።

በዚህ መስክ ግንባር ቀደም የሆነው በቻይና ናንጂንግ ከተማ የሚገኘው የድረም ታወር ሆስፒታል ቡድን ነው። በፕሮፌሰር ሱን ሊንግዩን የሚመራው ይህ ቡድን እአአ በ2014 የ40 ሕሙማንን ውጤት አሳትሟል። በአንድ ዓመት ውስጥ 13ቱ ከፍተኛ፣ 11ዱ ደግሞ ከፊል መሻሻል አሳይተዋል። ይሁን እንጂ መሻሻል ካሳዩት አንዳንዶቹ በወራት ውስጥ አገርሽቶባቸዋል።

ዜናው ተስፋ ሰጪ ነበር። በዚያ ጥናት ውስጥ ግን ሕዋሱን ሳይወስድ ለንጽጽር የቀረበ ወገን አልነበረም። ሕሙማኑ ሌሎች መድኃኒቶችንም ይወስዱ ስለነበር፣ ያሻላቸው የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። ይህን ለመለየት ሌላ የቻይና ቡድን ኩላሊታቸው በሉፐስ የተነካ 18 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ሁሉም መደበኛውን መድኃኒት ወሰዱ። 12ቱ የእትብት ሕዋስ፣ 6ቱ ደግሞ ሕዋስ የሌለበት የማስመሰያ ፈሳሽ ተሰጣቸው። ማን የቱን እንደወሰደ ሕሙማኑም ሐኪሞቹም አያውቁም ነበር።

እአአ በ2017 የታተመው ውጤት እንዲህ ይላል፦ ሕዋሱን ከወሰዱት 12 ሰዎች 9ኙ፣ ማስመሰያውን ከወሰዱት 6 ሰዎች 5ቱ በሽታው በረደላቸው። በመቶኛ ሲሰላ 75 እና 83 መሆኑ ነው። ተጨማሪ ጥቅም ስላልታየ ሙከራው ከታቀደለት ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ።

የሙከራው ተሳታፊዎች ጥቂት ስለሆኑ የመጨረሻውን ፍርድ ሊሰጥ አይችልም። በአሜሪካ የደቡብ ካሮላይና የሕክምና ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ሌላ ምርምርም በስድስት ሰዎች ላይ የተደረገውን የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ አልፎ ወደ ሰፊ ሙከራ ተሸጋግሯል። ሳይንሱ በሩን አልዘጋም። ነገር ግን በዕጣ የተደረገው ንጽጽር የሚያስተምረው አንድ ነገር አለ፤ መደበኛው መድኃኒት በአግባቡ ሲሰጥ ብቻውን ብዙዎችን ያሻላል። “ስቴም ሴል ወስጄ ዳንሁ” የሚል ምስክርነት በቪዲዮ ሲቀርብ አብሮ የተወሰደው እንክብል አይታይም።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በሜሰንካይማል ሕዋስ የተሠራ ሕክምናን ለመጀመሪያ ጊዜ ያጸደቀው እአአ በታኅሣሥ 2024 ነው። የጸደቀውም ከሌላ ሰው የመቅኔ ሕዋስ ከወሰዱ በኋላ ከባድ ችግር ለገጠማቸው ሕፃናትና ልጆች እንጂ ለሉፐስ አይደለም።

ከኤርላንገን የመጣው ዜና

ሦስተኛው ሕክምና ግንደ ሕዋስ አይደለም፤ ከግንደ ሕዋስ ጋር ተደበላልቆ ስለሚነገር ግን መታወቅ አለበት። እአአ በ2021 በጀርመኗ ኤርላንገን ከተማ በፕሮፌሰር ጌኦርግ ሼት የሚመሩ ሐኪሞች ሁሉም መድኃኒት እምቢ ያላትን የ20 ዓመት ወጣት ካር-ቲ በሚባል ዘዴ አከሙ። የራሷ የመከላከያ ሕዋሳት ከደሟ ተወስደው፣ ጎጂ ፀረ እንግዳ አካላትን የሚያመርቱትን ሕዋሳት ለይተው እንዲያጠፉ በቤተ ሙከራ ተለውጠው ተመለሱላት። እአአ በ2024 መጀመሪያ ቡድኑ የስምንት የሉፐስ ሕሙማንን ውጤት ሲያሳትም ስምንቱም በሽታው ጠፍቶላቸው፣ የመከላከያ ሥርዓትን የሚያዳክሙ መድኃኒቶችን አቁመው ነበር።

ይህ በሉፐስ ሕክምና ታሪክ ትልቅ ዜና ነው። ነገር ግን የስምንት ሰዎች ዜና ነው። ሰፋፊዎቹ ሙከራዎች እየተካሄዱ ሲሆን፣ ውጤቱ ስንት ዓመት እንደሚዘልቅ የሚመልሰው ጊዜ ነው። ዋጋውም አለ። ከዚሁ ዓይነት ሕክምናዎች የመጀመሪያው እአአ በ2017 በአሜሪካ ለደም ካንሰር ሲጸድቅ ዋጋው 475 ሺህ ዶላር ነበር። ሕንድ የራሷን ሠርታ ዋጋውን በእጅጉ ማውረዷ ወደፊት ለአፍሪካም በር ሊከፍት እንደሚችል ያሳያል። ዛሬ ግን ከሞያሌ የሚደረስበት አይደለም።

ተስፋ ሲሸጥ

በምርምርና በንግድ መካከል ያለውን ገደል የሚያሳይ አንድ የሉፐስ ታሪክ በሕክምና መዛግብት ተመዝግቧል። ኩላሊቷ በሉፐስ የተጎዳባት አንዲት ሴት በታይላንድ ባንኮክ ወደሚገኝ የግል ክሊኒክ ሄደች። ከራሷ ደም የተለየ ግንደ ሕዋስ በቀጥታ ኩላሊቷ ውስጥ ተወጋላት። ሕክምናው አልጠቀማትም። ከወራት በኋላ ሕዋሱ በተወጋበት አካባቢ እብጠት ተገኘ፤ ኩላሊቷም በቀዶ ሕክምና ወጣ። በመጨረሻ በኢንፌክሽን ሕይወቷ አለፈ። እአአ በ2010 ጉዳዩን ያሳተሙት የታይላንድና የካናዳ ሐኪሞች፣ እንዲህ ያለ እብጠት ከግንደ ሕዋስ ሕክምና በኋላ በሰው ላይ ከዚያ በፊት አለመታየቱን ጠቅሰዋል።

በሌላ በሽታም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ሦስት ሴቶች ከስባቸው የተወሰደ ሕዋስ በሁለቱም ዐይኖቻቸው ውስጥ ተወግቶላቸው ለዐይነ ስውርነት መዳረጋቸው እአአ በ2017 ይፋ ሆኗል። ለሂደቱ የከፈሉት 5 ሺህ ዶላር ነበር። ጥብቅ ቁጥጥር ባለበት አገር ይህ ከሆነ፣ ቋንቋውንና ሕጉን በማያውቁት አገር የሚታከም ሕመምተኛ ጥበቃው ምን ያህል እንደሚሳሳ መገመት አያዳግትም።

ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኬንያውያን ለሕክምና የሚሄዱባት ሕንድ በዚህ ረገድ መመሪያ አላት። የአገሪቱ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት እአአ በ2017 ባወጣው ብሔራዊ መመሪያ መሠረት፣ ከታወቁት የመቅኔ ንቅለ ተከላ አገልግሎቶች ውጪ ግንደ ሕዋስ ለሰው ሊሰጥ የሚችለው በተፈቀደ ክሊኒካዊ ሙከራ ውስጥ ብቻ ነው። ይህ ማለት አንድ ክሊኒክ ለሉፐስ ግንደ ሕዋስ እሰጣለሁ ብሎ እንደ ተራ አገልግሎት ዋጋ ካስቀመጠ፣ በዚያው አገር መመሪያ እንኳ ተቀባይነት የለውም።

የዚህ ንግድ ትልቁ ጉዳት ግን መርፌው ላይሆን ይችላል። በምሥራቅ አፍሪካ ለውጭ ሕክምና የሚከፈል ገንዘብ የአንድ ሰው ገንዘብ አይደለም። በኢትዮጵያ ወገን ከዕቁብ፣ ከዘመድ አዝማድ መዋጮ፣ ከውጭ ከሚኖር ወንድም ይሰበሰባል። በኬንያ ወገን ሀራምቤ ይጠራል። በአርብቶ አደሩ ቤት ግመልና ከብት ይሸጣል። እአአ በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻግሯል፤ በዶላር የሚከፈል ሕክምናም በዚያው ልክ ከብዷል። ማኅበረሰብ ለአንድ ሰው እንዲህ ያለ መዋጮ ሁለት ጊዜ አያወጣም። የመጀመሪያው ባልተረጋገጠ መርፌ ካለቀ፣ ለኩላሊት እጥበት ወይም ለንቅለ ተከላ የሚሆን ሁለተኛ መዋጮ ላይኖር ይችላል።

ዕድሜን ያራዘመው ምንድን ነው?

በ1950ዎቹ ሉፐስ እንዳለባቸው ከተነገራቸው ሰዎች አምስት ዓመት የሚቆዩት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የተሟላ ሕክምና ባለባቸው አገራት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከዚያ ያልፋሉ። ይህን ለውጥ ያመጣው ግንደ ሕዋስ አይደለም። ያመጡት በጊዜ መታወቅ፣ የስቴሮይድ መድኃኒት፣ የመከላከያ ሥርዓትን የሚያለዝቡ እንክብሎች፣ የኩላሊት እጥበት እና ያልተቋረጠ ክትትል ናቸው።

ከእነዚህ መድኃኒቶች መካከል መሠረታዊው ሃይድሮክሲክሎሮክዊን ነው። ለወባ የተሠራው ይህ አሮጌ መድኃኒት በኮቪድ ወረርሽኝ መጀመሪያ ያለ በቂ ማስረጃ ሲወደስ በብዙ አገራት ከገበያ ጠፍቶ፣ የሉፐስ ሕሙማን ዕለታዊ እንክብላቸውን ፍለጋ ተንከራትተው ነበር። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ጥምረት እአአ በ2023 ባደሰው መመሪያ፣ የሚከለክል ምክንያት ከሌለ ለሁሉም የሉፐስ ሕሙማን እንዲሰጥ ይመክራል። በሽታው እንዳያገረሽ ይረዳል፣ በእርግዝና ወቅትም ይወሰዳል። ለዓመታት ሲወሰድ የዐይን ምርመራ ያስፈልገዋል።

ስቴሮይዱ ፕሬድኒሶሎን ደግሞ ሁለት ስለት አለው። በሽታው ሲነሣ ሕይወት ያድናል። ያለ ሐኪም ለወራት ሲወሰድ ስኳር ያመጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ለሳንባ ነቀርሳና ለሌሎች ኢንፌክሽኖች ያጋልጣል። ድንገት ማቆሙም አደገኛ ነው። መጀመሪያ ላይ ያነሣናት ወጣት የወሰደችው “የቁርጥማት እንክብል” ይህ ቢሆን ኖሮ፣ እፎይታው የበሽታውን ምልክት ሸፍኖ ኩላሊቷ በዝምታ እንዲጎዳ ጊዜ ይሰጥ ነበር።

ኩላሊት መነካቱን ቀድሞ የሚናገረው ምርመራ ደግሞ እጅግ ቀላል ነው። ሽንት ውስጥ ፕሮቲንና ደም መኖሩን የሚያሳይ ወረቀት ትንንሽ ጤና ተቋማት ውስጥ፣ ለነፍሰ ጡሮች ክትትል በየዕለቱ የሚሠራበት ነው። ያችው ወረቀት ፊቷ ለጠቆረና ጣቶቿ ላበጡባት ወጣት ቀድማ ብትደርስ፣ ኩላሊቷን ለማዳን የሚያስችሉ ወራት ይገኛሉ።

ከሞያሌ ሲታይ

የሩማቶሎጂ ስፔሻሊስቶች በኢትዮጵያም በኬንያም ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም በአመዛኙ በዋና ከተሞቹ ይገኛሉ። ስለዚህ የሞያሌ ሕመምተኛ ምርጫ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ መጓዝ ነው። መንገዱ ክፍት ከሆነ ረጅም የአውቶብስ ጉዞ አለ፤ አካባቢው የግጭት ታሪክ ስላለው ደግሞ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል ማለት አይቻልም። ከተማዋ አንድ ብትሆንም የጤና ሥርዓቱ ሁለት ነው። ኬንያ እአአ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ አዲስ የማኅበራዊ ጤና መድን ተግባራዊ አድርጋለች፤ ኢትዮጵያ ደግሞ እአአ በ2011 በሙከራ የጀመረችውን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አስፋፍታለች። በአንዱ ወገን የተከፈለ መዋጮ ግን በሌላው ወገን ሆስፒታል አያሳክምም። የምርመራ ውጤትም ድንበር የሚሻገረው በሕመምተኛዋ ቦርሳ ውስጥ ከተያዘ ነው።

ይህን ለማሻሻል የናንጂንግ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ለጭነት መኪና አንድ ጊዜ ብቻ ፍተሻ እንዲደረግ የተስማሙ ሁለት መንግሥታት፣ በሁለቱ ወገን ያሉ ሆስፒታሎች ስለ አንድ ሕመምተኛ የሚጻጻፉበት የሪፈራል ቅጽ ላይ መስማማት አይከብዳቸውም። የጤና ባለሙያዎች በጥቁር ቆዳ ላይ የሚታየውን ሉፐስ የሚለዩበት አጭር ሥልጠና፣ በስልክ ወይም በቪዲዮ ከአዲስ አበባና ከናይሮቢ ስፔሻሊስቶች ጋር የሚያገናኝ ቀጠሮ፣ ሃይድሮክሲክሎሮክዊን ሳይቋረጥ የሚገኝበት አቅርቦት፣ እነዚህ ከአንድ የንቅለ ተከላ ማዕከል ጋር ሲነጻጸሩ ወጪያቸው ትንሽ ነው። የሁለቱ አገራት የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎችም ባልተረጋገጠ የግንደ ሕዋስ ማስታወቂያ ላይ ሕዝቡ በሚረዳቸው ቋንቋዎች፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በስዋሂሊ ግልጽ ማሳሰቢያ ቢያወጡ ብዙ ቤተሰብ ከኪሳራ ይድናል።

በተቃራኒው መከራከሪያ አለ፤ ችላ ሊባልም አይገባውም። “ሌላው ዓለም በአዲስ ሕክምና ሲድን አፍሪካዊው በአሮጌ እንክብል ይበቃዋል ማለት ነው?” የሚል። አይደለም። በሽታው የሚበረታባቸው ጥቁር ሴቶች በሚያሻሽለው ምርምር ውስጥ ሊካተቱ፣ አገራቸውም የመቅኔ ንቅለ ተከላና የሕዋስ ሕክምና አቅም ሊገነባ ይገባል። በሽታው ያልተመረመረባት ሴት ግን ወደ ማንኛውም ሙከራ ልትገባ አትችልም። አዲሱ ሕክምና በመጣ ጊዜ ለመጠቀምም በሕይወት፣ ከተቻለም ኩላሊቷ ሳይጎዳ መቆየት አለባት። አሮጌው እንክብል እስከዚያ የሚያደርሳት ስንቅ ነው።

ከመክፈል በፊት

ማስታወቂያ አይተው ውሳኔ ላይ ያሉ ሕሙማንና ቤተሰቦች ክሊኒኩን ሊጠይቋቸው የሚገቡ ጥቂት ጥያቄዎች አሉ። የሚሰጠው ሕዋስ ከየት የተወሰደ ነው? ለሉፐስ ያጸደቀው የትኛው የመንግሥት ተቆጣጣሪ ነው? ሙከራ ከሆነ በሕዝብ የሙከራ መዝገብ ላይ ተመዝግቧል? ሙከራ ከሆነስ ስለ ምን ሕመምተኛው ሙሉ ዋጋ ይከፍላል? ጉዳት ቢደርስ ተጠያቂው ማን ነው? ወደ አገር ከተመለሱ በኋላ ክትትሉን የሚያደርገው የትኛው ሐኪም ነው?

አንድ ዓይነት መርፌ ለሉፐስም፣ ለስኳርም፣ ለኦቲዝምም፣ ለጉልበት ሕመምም እንደሚሆን የሚናገር ክሊኒክ ከእነዚህ ጥያቄዎች ብዙዎቹን መመለስ አይችልም። የሚወስዱትን መድኃኒት አቁመው እንዲመጡ የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ፣ በሚያክምዎት ሐኪም ሳይመከር መድኃኒትዎን አያቁሙ።

በየዓመቱ ግንቦት 2 የዓለም የሉፐስ ቀን ታስቦ ይውላል። በዚያ ቀን ስለ ካር-ቲ እና ስለ ግንደ ሕዋስ አዳዲስ ዜናዎች ይነገራሉ፤ ሊነገሩም ይገባል። ከሞያሌ ሲታይ ግን ለዚያች ወጣት ከናንጂንግ፣ ከቺካጎና ከኤርላንገን ይልቅ የራቃት ሌላ ነገር ነበር። ፊቷ መጥቆር ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ሽንቷ እስከተመረመረበት ቀን ያለው ርቀት። ያንን ርቀት ማሳጠር የሚቻለው ደግሞ እዚያው ሞያሌ ውስጥ፣ በሁለቱም ወገን ነው።